ቡሉኮውን ያሠራው እና የሠራችው

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የአርባ ምንጭ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ብቻ በሚያወራበት ሰሞን ነው። እናቴ ከበቆሎ ዱቄትና እኛ ሀለኮ ከምንለው የሽፈራው ቅጠል የሠራችውን ትኩስ ኩርኩፋ በሳህን አድርጋ ለጎረቤታችን ለጋሽ ወልዴ እንዳደርስ ላከችኝ። የሰፈራችን የሲቀላ ፀሐይ አናት ይበሳል። መንገዱ ላይ የወደቀ ማንጎ በስሎ፣ አልፎም ኮምጥጦ ይሸታል፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደግሞ የዓሣ ሽታ ይዞ ይመጣል። ሳህኑን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ፣ የኩርኩፋው እንፋሎት ከሀለኮው ቅጠል ሽታ ጋር ፊቴን እየመታኝ፣ በሰኞ ማክሰኞ ተጫዋቾቹ መካከል ዓይኔን ሰብሬ አለፍኩ። ዓይነ አፋር ነበርኩ። ሰው «እንዴት ዋልሽ?» ካለኝ መልሱን የምሰጠው ለመሬቱ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ማንጎ ዛፋቸው ሥር በጠፍር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአገራችን ልጅ የነበሩት ሚስታቸው ሲሞቱ በተዉላቸው ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጋሞኛ አልያዘላቸውም፤ ፈረንሳይኛ ግን እንደ ውኃ ነው።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«እማዬ» አልኩ ለመሬቱ።

«እንግዲያ ይህን ሳህን ያመጣችው እናትሽ ናት ማለት ነው። እግሩ ያንቺ ነው፣ መምጣቱ የእሷ።» ሳህኑን ተቀብለው ሳቁ። «ፈረንሳይ ይህን ለመናገር አንድ ግስ አይበቃውም። ሁለት ያቆማል። ፌር ፖርቴ። ማድረግ፣ መሸከም። አንዱ የእናትሽ ነው፣ ሌላው ያንቺ።»

ለምን እንደ ነገሩኝ አላውቅም። ምናልባት ብቸኝነት ይሆናል። እኔ ግን እግሬ ተተከለ። በዚያች ዕድሜዬ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሰዎች ተሸሽገው ሊቀመጡ እንደሚችሉ ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር፤ በላች፣ አበላች፣ አስበላች። በላች ስል አንዲት ሴት ታየችኝ። አበላች ስል እጇ ሌላ ሰው አፍ ላይ ደረሰ። አስበላች ስል ግን ሴትየዋ ራቅ ብላ ቆማ ሌላ ሰው ታዛለች። ፊደሉ በረዘመ ቁጥር እጇ ይርቃል! ይህን ማን አሰበው? ማን ሠራው? የቤታችን በር ላይ ስደርስ ቆሜ ሰማይ ሰማይ አየሁ፤ ቋንቋን የሠራው ሰው እዚያ ያለ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ጋሽ ወልዴ «ዝም የሚል ሰው ቋንቋ ይይዛል፤ ጆሮው ሥራ አይፈታም» እያሉ ያበረታቱኝ ነበር። ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የፍራፍሬውን ስም ሁሉ አስተማሩኝ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠብቀው ያን ፌር የሚሉትን ግስ ነበር። አንድ ቀን ሁለቱን አመልካች ጣቶቻቸውን አቆላልፈው አሳዩኝ።

«ሁለቱ ግሶች እንደ ሁለት ፉርጎ ናቸው፤ ይቆላለፋሉ። በሁለት ፉርጎ መሃል የቆመ ሰው ምን ይሆናል?»

«ይጨፈለቃል።»

«ስለዚህ ፈረንሳይ ሰውየውን ከመሃል አውጥቶ ከኋላ ያቆመዋል። ከኋላም ሁለት መቆሚያ አለ። አንዱ አ ይባላል፣ ሁለተኛው ፓር። አ ካልሽ ሥራው ወደ ሰውየው ይሄዳል፤ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ ይከብደዋል፣ ወይ ይለምደዋል። ፓር ካልሽ ግን ሥራው በሰውየው በኩል ያልፋል፤ እንደ ድልድይ። ድልድዩን ደግሞ ብትጠሪውም ባትጠሪውም ባቡሩ ያልፋል።»

«ባትጠሪውም?»

«ባትጠሪውም። ዓረፍተ ነገሩ አይጎድልበትም።» ከዚያ ድምፃቸውን እንደ ጣቢያ አለቃ አወፈሩት። «አለቃው ምክትሉን ያዛል፣ ምክትሉ ፎርማኑን፣ ፎርማኑ እኔን። ማታ አለቃው ቁጭ ብሎ 'ፉርጎውን አስነሣሁ' ይላል። እኔ የት አለሁ? ወገቤ ያውቃል እንጂ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለሁም!»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አስቴር ትዝ አለችኝ።

አስቴር ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን ከደጋው ከኦቾሎ ወርዶ ሲቀላ የተቀመጠ ሸማኔ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሙዝ መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ተመታ፤ ከዚያ ወዲያ የሸማ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ መቀመጥ አልቻለም። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሠራል። እናቴ ስትፈትል ነው ያደግነው፤ እንዝርቷ ስትሾር የምትሰጠው ድምፅ እንቅልፋችን ነበር። ሴት ጉድጓድ ገብታ ድር ስትመታ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። አስቴር የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣላት ብሎ ቤት ተቀምጣ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ጓዳው ውስጥ ጠራትና «ውረጂ» አላት።

መጀመሪያ ላይ እሱ ከጉድጓዱ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ይመራት ነበር። «ርገጪ። ወርውሪ። ምቺ። አሁን ሌላውን እግር።» ታለቅስ ነበር፤ ክሩ ሲበጠስባት ትቆጣ ነበር። ሸማው ትከሻዋ ላይ አርፏል፤ ያ ጋሽ ወልዴ 'አ' ያሉት ይኼ ነው አልኩ በኋላ። ወራት ሲያልፉ ግን የአባቴ ትእዛዝ እያጠረ መጣ። ከዚያ ጭራሽ ተወው። ተጋድሞ መወርወሪያው ሲሄድና ሲመለስ ያዳምጣል፤ አልፎ አልፎ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። ጥለቱን ራሷ መምረጥ ጀመረች፤ ቀይና ጥቁር ብቻ የነበረው ጠርዝ ላይ ቢጫ ጨመረች። እኔ ጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጬ ሳያት ትንፋሼን እይዝ ነበር። እግሯ አንድ ነገር ያውቃል፣ እጇ ሌላ፣ ዓይኗ ሌላ፤ ሦስቱም ተስማምተው ጨርቅ ይወልዳሉ። የጥጡ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ተኝቶ አሮጊት ትመስል ነበር።

ሰው ሲመጣ አስቴር ትወጣለች፤ አባቴ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ ጨርቁን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ምስጢር ነበር። ምክንያቱም የሸማው ዕቃ የአያቴ ነው፤ በወጉ የታላቁ ልጅ፣ የአጎቴ የአንጁሎ ነው። አጎቴ ኦቾሎ ነው የሚኖረው። አባቴ የወደቀ ጊዜ «ወገብህ ካልዳነ ዕቃውን ለልጆቼ ልውሰደው፤ ሥራ ይፍታ እንዴ?» ብሎ ነበር። አባቴም «ድኛለሁ» አለ። እና ያ ጉድጓድ ለአስቴር ከእንጀራም በላይ ነበር። ፈተናው የጣላት ልጅ ቀና ብላ የምትሄደው በእሱ ነበር።

ከጋሽ ወልዴ ግን ምን ይደበቃል? አንድ ቀን አባቴ ከእሳቸው ጋር ማንጎው ሥር ተቀምጦ ሳለ ከቤታችን ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ካሳ፣ ያንተ ሸማ ብቻውን ይሠራል እንዴ?» አሉት ጋሽ ወልዴ።

«የባቡር ጆሮ!» አለ አባቴ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

አባቴን የሚያስጨንቀው ሌላም ነገር ነበር። በአያቴ ቤት አንድ ደንብ አለ። ሸማ አልቆ ከድሩ ላይ ሲቆረጥ፣ የሚቆርጠው የሠራው ሰው ነው፤ የገዛውን ሰው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ የሚመርቀውም እሱ ነው። «ያልሠራውን የመረቀ እጅ ይደርቃል» ይሉ ነበር አያቴ። አባቴ ከወደቀ ወዲህ ገዢ በሌለበት አስቴር ትቆርጣለች፤ ገዢው ሲመጣ አባቴ ጨርቁን አጣጥፎ ያለ ምርቃት ይሰጠዋል። አንዳንድ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል። አባቴ ያስላል፣ ወገቡን ይይዛል፣ ስለ ዝናብ ያወራል።

ሚሊኒየሙ ገባ፤ ስድስተኛ ክፍል ሆንኩ። በጥቅምት ጋሽ ወልዴ አንዲት ፈረንሳዊት ይዘው መጡ። ክሌር ትባላለች፤ ፀጉሯ ሽበት የጣለበት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። በአገሯ የእጅ ሥራ ጨርቆችን ለሰው ታሳያለች። ሸማው ላይ የነበረውን ቡሉኮ ስታይ እጇን ሳታሳርፍበት ከላይ ከላይ አንዣበበችው። ሲያልቅ እንደምትወስደው ነግራ ወደ ካምባ መንገድ ሄደች። ስትመለስ ሲቆረጥ ማየት እንደምትፈልግ ተናግራ ነበር፤ ጋሽ ወልዴ ደንቡን ነግረዋት ኖሯል። አባቴ ያን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

የተመለሰች ዕለትም አጎቴ አንጁሎ ሳይጠራ ከኦቾሎ ወርዶ ቤታችን ተገኘ። ድንች በጆንያ ይዞልን መጥቷል። ጋሽ ወልዴ ስላሉ ወሬው በአማርኛ ሆነ። አጎቴ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነበር የሚጠራው።

«ይሄ ፈረንጅ ሩቅ መጣ» አለ ክሌርን አይቶ። «ቡሉኮ ያንተ ነው የሚወስደው?»

«ይወስደዋል» አለ አባቴ ተሳስቶ። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ሳቋን ዋጠች።

ጓዳው ጠበበ። አባቴ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጧል፤ ቢላዋው ጭኑ ላይ ነው። አስቴር ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ የእግር ጣቶቿ ይታዩኛል። አጎቴ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ዕቃውን፣ የአባቱን ዕቃ፣ እንጨት በእንጨት ይመለከታል። ክሌር ለምርቃቱ ሻርፗን አውልቃ ትከሻዋን አመቻችታ ቆመች። ከዚያ ጠየቀች። አገሯ ስትደርስ ይህን ለሚያዩ ሰዎች የሠሪውን ስም መናገር ትፈልጋለች። ማን ሠራው?

ጋሽ ወልዴ ተረጎሙ። አባቴ ዓይኑን ከቢላዋው ሳያነሣ «እኔ ነኝ ያሠራሁት» አለ።

ውሸት አልነበረም። አጎቴ ምንም አልጠረጠረም፤ አማርኛው ለእሱ የእንግዳ ልብስ ነበር፤ ሠራሁም አሠራሁም ጆሮው ላይ አንድ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ግን ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መለሱ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ ጨብጬ ሁለቱን ፉርጎዎች ጠበቅኩ። መጡ።

«ኢል ላ ፌ ቲሴ።» እሱ አሠራው። እዚያው ላይ ቆሙ፤ ከኋላ ማንንም ሳያቆሙ።

ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነበር። ምንም አልጎደለውም። እህቴ ግን ውስጡ አልነበረችም። የወራት ለቅሶዋ፣ ቢጫው ጥለት፣ ፀጉሯ ላይ የተኛው ጥጥ፣ ሁሉም ከዚያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ውጭ መጋረጃ ጀርባ ቆመዋል። ጥቂት ድምፅ ሰውን ያህል ነገር እንዲህ አድርጎ ሊሰውር ይችላል? ፍርሃት ይሁን አድናቆት የማላውቀው ብርድ አንገቴ ላይ ወረደ።

ክሌር ራሷን ዘንበል አድርጋ «ፓር ኪ?» አለች።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

ጋሽ ወልዴ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «አስተርጓሚዋ ትንገርህ። እኔ ደክሞኛል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መሬቱን ፈለግኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን መሬቱ አልረዳኝም።  ብናገር ዕቃው ይሄዳል፤ ዝም ብል እህቴ ትቀራለች። አባቴን አየሁት። እሱም አየኝ፤ የማውቀውን ሁሉ እንደማውቅ ያወቀ ይመስለኛል።

«በማን እጅ አሠራኸው? ነው የምትለው» አልኩ።

ድምፄ ጓዳው ውስጥ ሲሄድ ሰማሁት። እናቴ እንዝርቷን አቆመች። አባቴ የክሌርን ባዶ ትከሻ፣ ከዚያ የራሱን እጅ፣ ሁለቱንም ገልብጦ ተመለከተ። አያቴን ያሰበ ይመስለኛል።

«አስቴር!» አለ።

መጋረጃው ተገለጠ። አስቴር ወጥታ ቆመች፤ ብናኙ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አለ። አባቴ የቢላዋውን እጀታ ወደ እሷ አዞረላት።

አጎቴ ከጆንያው ላይ ተነሣ። «ካሳ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«እኔ ምንም አልሠራሁም፣ ጋሼ። እሷ ናት። ወገቤ ከተመታ ጀምሮ አንዲት ማግ አልወረወርኩም።»

«ሴት? በአባታችን ጉድጓድ?»

«በአባታችን ጉድጓድ። ቁረጪ፣ ልጄ።»

አስቴር ወደ አጎቴ አልተመለከተችም። ጎንበስ ብላ ድሩን በግራ እጇ ሰበሰበች፤ ቆረጠችው። ድር ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ዝናብ በሙዝ ቅጠል ላይ ሲጀምር ይመስላል። ቡሉኮውን አንሥታ የክሌር ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው፤ ሁለት እጇን በላዩ አኖረች። ሴት ልጅ፣ ያውም ያላገባች፣ ሰው ስትመርቅ አይተን አናውቅም። 

«በጤና ልበሺው። የሞተ አይከፈንበት፤ የተወለደ ይታቀፍበት።»

እናቴ «አሜን» አለች። አባቴም አለ። ጋሽ ወልዴ ሁለት ጊዜ ጀምረው ነው ተርጉመው የጨረሱት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አስቴር ዘርግተው ለክሌር «ኤል ላ ቲሴ» አሏት። እሷ ሠራችው። ፌር የለም፣ ፓር የለም። ዓረፍተ ነገሩ አጠረ፤ እህቴ ከፊቱ ቆመች። ክሌር በቡሉኮው ውስጥ ሆና ዓይኗ እንባ ሞልቶ የአስቴርን ስም ደጋግማ ተለማመደችው።

የቀረው አጎቴ ነበር። ወደ ክሌር ተጠጋና የቡሉኮውን ጠርዝ ያዘ። በአውራ ጣቱ ሄደበት፤ ገለበጠው፤ በብርሃን አየው። እኛ ሁላችን ዕቃው እንዴት ተፈትቶ እንደሚጫን እያሰብን ነበር።

«ይሄን ጠርዝ ማን አሳየህ?» አላት።

«ማንም። እጄ ነው» አለች አስቴር።

«ያንተ እጅ አይደለም። የአባቴ እጅ ነው።» ጠርዙን አልለቀቀም።  ከዚያ ዞሮ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተና ተቆጣ። «መወርወሪያው ተሰንጥቋል! በተሰነጠቀ ነገር ሰው ይሠራል? ለሚመጣው ገበያ ስወርድ ሌላ ይዤ እመጣለሁ።» ይህን ብሎ ደጅ ወጣ። እናቴ ተከትላው ድንቹን እንዴት እንደምትቀቅልለት መጠየቅ ጀመረች፤ ድምፅዋ እየሳቀ ነበር።

ዛሬ እኔ ቋንቋ ተምሬ አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ስለዚያ ፌር ስለሚባል ግስ፣ ከኋላው ስለሚቆመው ሰውና ስለ ሁለቱ መቆሚያዎች ሊቃውንት ዛሬም እንደሚከራከሩ መምህራችን ሲነግሩን፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ አንገቴ ላይ ያ ብርድ ወረደ። መጻሕፍቱን ካነበብኳቸው ወዲህ ብዙ ገባኝ፤ ግርምቴ ግን አልቀነሰም። ያኔ በሲቀላ አንዲት ሴት ሸማ ላይ መቀመጧ ጉድ ነበር፤ አሁን አስቴር ሴት ልጆችን ታሠለጥናለች፤ የሚገረም የለም። ጋሽ ወልዴ የሉም። ማንጎውም ተቆርጦ ፎቅ ወጥቶበታል። የዚያን ጊዜው ሰው ቃል ሲናገር ቀስ ይል ነበር፤ ቃል ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር መሰለኝ። እኛ ዛሬ «ተሠራ» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ፣ ዛሬም ማን ከውጭ እንደቀረ ለማየት ጥቂት እቆማለሁ።

ቡሉኮው በተቆረጠ ማግስት እሑድ ነበር። ጠዋት ቦኖ ውኃ ሰልፍ ላይ ጀሪካኔን ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የነበሩት የሰፈራችን ሴት እትዬ ወርቄ ዞር ብለው «አንቺ፣ አባትሽ ለፈረንጅ የሚያምር ቡሉኮ ሠራ አሉ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ራሴን ነቅንቄ ዝም እል ነበር።

«አባዬ አይደለም» አልኳቸው። «አስቴር ናት የሠራችው።»

«ምን አልሽ?»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን ከመሬት አነሣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው።